የሴንሰሩን ገመድ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲያገኘው

ለዛሬው የሳይንስ ዓምድ ይዘን የቀረብነው ትምህርት ርእሱ ሲታይ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገ በየትምህርት ቤቱ ተመድበን የሙቀት፣ የብርሃን ወይም የድምፅ ሴንሰር ከላፕቶፕ ጋር አያይዘን ለተማሪ ለማሳየት የምንነሣ ሁሉ የሚገጥመን ነውና፣ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታነቡልን በትሕትና እንጠይቃለን። «እኛ» የምንለው የፊዚክስና የሒሳብ ሠልጣኞች የሆንን አራት ጓደኛሞች ነን። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣነው ከሌላው ሠልጣኝ የተለየ ዕውቀት ኖሮን አይደለም፤ በአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ስለ ተሳሳትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ውሃ ሲሞቅ ሙቀቱ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር በግራፍ እንዲያዩ አሰብን። ለዚህም አርዱይኖ ኡኖ ከሚባለው ቦርድ ጋር በተመሳሳይ መንገድ በተሠራ ርካሽ ቦርድ ላይ ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን ውሃ የማያስገባ የሙቀት ሴንሰር አሰርን። ቦርዱ በየሰከንዱ የሙቀቱን መጠን በዩኤስቢ ገመድ ይልካል፤ በላፕቶፑ ላይ ደግሞ በፓይተን የጻፍነው ፕሮግራም ቁጥሩን ተቀብሎ ግራፍ ይሥላል። በተቋማችን ላቦራቶሪ ስንሞክረው ያለ እንከን ሠራ። እዚያ የቦርዱ ፖርት «ኮም 3» ስለ ነበረ ፕሮግራማችን ውስጥ «ኮም 3ን ክፈት» ብለን በደምብ ጽፈናል።

ከትምህርቱ በፊት በነበረው ምሽት ግን አንዳችን «የዚያ ትምህርት ቤት ላፕቶፕ ሌላ ቁጥር ቢሰጠውስ?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሳችን ግን የችኮላ ሆነ። ፕሮግራሙን «መጀመሪያ ያገኘኸውን ፖርት ክፈት» ወደሚል ለወጥነውና «በቃ፣ አሁን አውቶማቲክ ሆነ» ብለን ተኛን። በዚያ ላይ፣ ቁጥሩ ጥርት ብሎ እንዲመጣልን ፕሮግራሙ ከሚመጣው መስመር ውስጥ አኃዙን ብቻ እየለቀመ ሌላውን ፊደል ሁሉ እንዲጥል አድርገነው ነበር። ይህችን ነገር አስታውሷት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

በማግሥቱ ላፕቶፑን ከፈትን፣ ሴንሰሩን ውሃ ባለበት ቢከር ውስጥ ነከርን። ስክሪኑ ላይ 21.4 የሚል ቁጥር ወጣ። የጠዋት ውሃ ነውና ማንም አልተጠራጠረም፤ ተማሪዎቹም በየደብተራቸው 21.4 ብለው ጻፉ። ምድጃው ተለኮሰ። ሁለት ደቂቃ፦ 21.4። አራት ደቂቃ፦ 21.4። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ውሃው እኮ እየተነነ ነው፤ ቁጥሩ ለምን አይጨምርም?» ብላ ጠየቀች። እኛ ምን ብንላት ጥሩ ነው? «ሴንሰሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ትንሽ ጠብቂ» አልናት። እስካሁን የሚቆጨን ይህ መልስ ነው። ልጅቷ በዓይኗ ያየችውን ትታ ስክሪኑን እንድታምን ነገርናት።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለማየት የተጠጋ አንድ ልጅ ደብተሩን ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ወዲያው ቁጥሩ ዘልሎ 96.8 ሆነ። ክፍሉ «ፈላ! ፈላ!» ብሎ አጨበጨበ፤ እኛም አብረን ደስ አለን። የሚከታተሉን መምህር ከኋላ ወንበር ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ ደብተሩን ብድግ አደረጉት። ቁጥሩ ወደ 21.4 ወረደ። መልሰው አኖሩት፤ 96.8። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ደብተሩ የተቀመጠው ለካ በዲጂታል ሚዛን ላይ ኖሯል። ሚዛኑ ለኬሚስትሪ ትምህርት ተብሎ በሲሪያል አዳፕተር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ የቆየ ሲሆን፣ ክብደትን ሳያቋርጥ እንዲልክ ተደርጎ የተስተካከለ ነው። በላዩ አንድ የጎማ ውታፍ ተረስቶ ነበር፤ 21.4 ግራም። የእኛ «አውቶማቲክ» ፕሮግራም መጀመሪያ ያገኘው ፖርት የሚዛኑ ነበርና የውታፉን ክብደት የውሃ ሙቀት ነው ብሎ ለክፍሉ አነበበ። የሚያሳዝነው፣ ሚዛኑ በየመስመሩ መጨረሻ የግራምን ምልክት እየላከ «እኔ ግራም ነኝ» ይለን ነበር። ፊደሉን ሁሉ ጣል ብለን ያዘዝነው ግን እኛ ነን።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ሲሪያል የሚባለው የመላላኪያ ዘዴ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ መረጃን አንድ በአንድ በተራ በአንድ ሽቦ የማስተላለፍ ዘዴ ነው። አንድ ፊደል በ8 ቢት ይወከላል፤ ከፊቱ አንድ የመጀመሪያ ምልክት፣ ከኋላው አንድ የመጨረሻ ምልክት ሲጨመር 10 ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት ነው ሲባል በሰከንድ 960 ፊደል ያልፋል ማለት ነው። ለሙቀት ሴንሰር ከበቂም በላይ ነው። አርኤስ232 የተባለው የዚህ ዘዴ ደረጃ አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ባለ 9 እግር ሶኬቱ ለብዙ ዓመታት በየኮምፒዩተሩ ጀርባ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደረጃ ከወጣ ወዲህ ላፕቶፖች ያንን ሶኬት እየተዉት መጡ። የመለኪያ መሣሪያዎቹ ግን በሲሪያል መናገራቸውን አልተዉም፤ ዘዴው ቀላልና ርካሽ ነዋ!

ታዲያ በዩኤስቢና በሲሪያል መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አዳፕተር የምንለው እርሱን ነው። ባንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላ በኩል ሲሪያል የሚናገር ትንሽ ቺፕ ነው። አንዳንድ ጊዜ በገመዱ ራስ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንደ እኛ ቦርድ በራሱ በቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከሚታወቁት መካከል የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ፣ የታይዋኑ ፕሮሊፊክ፣ የአሜሪካው ሲሊከን ላብስ ቺፖችና በቻይና የሚሠራው ሲኤች340 ይገኙበታል። ርካሽ ቦርዶች ላይ በብዛት የምናየው ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል እናድርግ። የአርኤስ232 መሣሪያ የሚልከው ቮልቴጅ ከ0 በታች እስከ 15፣ ከ0 በላይም እስከ 15 ቮልት ሊደርስ ይችላል። የቦርዳችን እግሮች የሚችሉት ግን 5 ቮልት ነው። «ሁለቱም ሲሪያል ነው» ብሎ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘት ቦርዱን ያቃጥላል።

አሁን ገመዱን ስንሰካ ምን እንደሚሆን እንይ። ተራው የዩኤስቢ ገመድ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። በመሣሪያው ውስጥ ያለች 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከመረጃ ሽቦዎቹ አንዱን ወደ ላይ ስትስበው ኮምፒዩተሩ «እንግዳ መጣ» ብሎ ያውቃል። ከዚያ ልክ አዲስ ሠልጣኝ ሬጅስትራር ፊት እንደሚቀርበው ዓይነት ምዝገባ ይጀመራል። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ መሣሪያውን በ0 አድራሻ ያነጋግረዋል፤ ከ1 እስከ 127 ባለው ውስጥ አንድ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 18 ባይት የሆነች የመታወቂያ ቅጽም ይቀበለዋል። በቅጿ ላይ የአምራቹ ቁጥርና የምርቱ ቁጥር ተጽፈዋል። መሣሪያው የግል መለያ ቁጥር ካለው ወደ እርሱም ትመራለች። ኮምፒዩተሩ እነዚህን አይቶ ተስማሚውን ድራይቨር ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ሲገኝ ፖርት ይከፈታል። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ድራይቨሩ ሳይገኝ ሊቀር ስለሚችል በፍላሽ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው።

የአምራቹ ቁጥር 16 ቢት ስለ ሆነ 65,536 ልዩ ልዩ ቁጥሮች ሊኖሩት ይችላሉ። በመጻሕፍት የሚጻፈው ግን በ16 መሠረት ነው። ለሒሳብ ሠልጣኞች ይህ ጥሩ የክፍል ምሳሌ ይመስለናል። ለምሳሌ የእውነተኛው አርዱይኖ የአምራች ቁጥር በ16 መሠረት 2341 ነው። በተለመደው አቆጣጠር፦ 2 ጊዜ 4096፣ ሲደመር 3 ጊዜ 256፣ ሲደመር 4 ጊዜ 16፣ ሲደመር 1፤ ድምሩ 9025። ፓይተን ቁጥሩን የሚያትመው በተለመደው አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ላይ ያየነውና ስክሪኑ ላይ የወጣው አልገጥም ብሎን ግማሽ ቀን ደክመናል። ለካ አንድ ቁጥር ነው!

ወደ ፖርቱ ቁጥር እንመለስ። ዊንዶውስ «ኮም 3»፣ «ኮም 4» እያለ የሚሰጠው ቁጥር የመሣሪያው ስም አይደለም። መሣሪያው የግል መለያ ቁጥር ካለው ዊንዶውስ እርሱን ያስታውስና የትም ቢሰካ ያንኑ ኮም ይመልስለታል። የግል ቁጥር ከሌለው ግን የሚያስታውሰው የተሰካበትን ቀዳዳ ነው። ዛሬ በግራ የሰካነውን ነገ በቀኝ ብንሰካው እንደ አዲስ ዕቃ ይቆጥረውና አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የድሮውም ቁጥር ለድሮው ቀዳዳ ተይዞ ይቀራል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ኮም 17 የምናየው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ 17 መሣሪያ ስላለ አይደለም። ሲኤች340 ደግሞ ብዙውን ጊዜ የግል ቁጥር የለውም። በሊኑክስ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ችግሩ ያው ነው፤ ቁጥሩ የሚሰጠው በመጡበት ተራ ነው። ሆኖም ሊኑክስ የመታወቂያ ስሞችን የያዘ ሌላ ማውጫ ስላለው ትንሽ ይሻላል። እዚያ የሚያስቸግረው ተጠቃሚው ፖርት ለመክፈት ፈቃድ ማግኘት ያለበት መሆኑ ነው።

ከዚያ ውርደት በኋላ የመጀመሪያው ማሻሻያ አድርገን ያሰብነው «በመታወቂያ ማጣራት» ነበር። የፓይተን የሲሪያል መሣሪያ የሁሉንም ፖርቶች ዝርዝር ከነአምራችና ከነምርት ቁጥራቸው ይሰጣል። «የቦርዳችንን ቁጥር አውቀን እርሱን ብቻ እንክፈት፤ ሚዛኑ ይቅር» አልን። በላቦራቶሪ ኃላፊው ፈቃድ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተመልሰን ሁለቱንም ሰካንና ዝርዝሩን አተምን። የቦርዳችን አምራች 6790፣ ምርት 29987። የሚዛኑ ገመድስ? አምራች 6790፣ ምርት 29987። ሁለቱም ሲኤች340 ነበሩ። ሁለቱም የግል ቁጥር የላቸውም። መንታ ሆነው ቁጭ አሉ!

ነገሩን ሲያስቡት ግልጽ ነው። መታወቂያው የአስተርጓሚው ነው፤ ከአስተርጓሚው ጀርባ ማን እንዳለ አይናገርም። ያው ቺፕ ከሚዛን፣ ከሴንሰር፣ ከሌላም መሣሪያ ጋር ሊኖር ይችላል። በዚያም ላይ መታወቂያ ይቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የእርሱን ቺፕ አስመስለው የተሠሩትን ለመከላከል ሲል፣ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የተሰራጨው ድራይቨሩ የአስመሳዮቹን የምርት ቁጥር ወደ 0 ይለውጥ ነበር። ዕቃውን በቅን ልቡና የገዙ ብዙ ሰዎች መሣሪያቸው በድንገት አልታወቅ አለባቸው፤ ጩኸቱ በረታና ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ተነሣ። እኛ ስለ ማን ትክክለኛነት ለመፍረድ አይደለም ያነሣነው። ቁጥር ከሌላ ሰው ተቀድቶ ሊመጣ እንደሚችል ለማሳየት ብቻ ነው። እንግዲህ ማጣሪያው ፈጽሞ የማይመለከተንን ዕቃ ከዝርዝሩ ለማስወጣት ይጠቅማል፤ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት ግን አይበቃም።

ቀሪው መንገድ መሣሪያውን ራሱን መጠየቅ ነው። ቦርዱ ስሙን ሲጠየቅ «ቴርሞ 8» ብሎ እንዲመልስ አደረግን (እዚህ በእኛ ፊደል እንጻፈው እንጂ የሚላላኩት በላቲን ነው)። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፖርት ከፍቶ «ቴርሞ» ብሎ ይጣራል፤ የመለሰለት የእኛ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም፤ ስንሞክረው ግን ሁለት ነገር ጉድ አደረገን።

አንደኛው፣ ቦርዳችን ራሱ አልመለሰም። የአርዱይኖ ኡኖ ዓይነት ቦርዶች ፖርታቸው በተከፈተ ቁጥር ከእንደገና ይነሣሉ፤ ለመንቃትም እስከ 2 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። እኛ በከፈትን ቅጽበት ነበር የምንጠይቀው። ገና ያልነቃ ሰው ስሙን ቢጠሩት ይሰማል?

ሁለተኛው የከፋ ነው። «ቴርሞ» የሚለው ቃል ለሚዛኑም ደረሰው። በላቲን የመጀመሪያው ፊደል «ቲ» ነው፤ ለዚያ ሚዛን ደግሞ «ቲ» ማለት «ያለብህን ክብደት ከዜሮ ቁጠር» የሚል ትእዛዝ ኖሯል። ጥሪያችን እንደ ደረሰው 21.4 የነበረው 0.0 ሆነ። የኬሚስትሪ ክፍል በመሥራት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ሳናውቀው የሌላ ሰው ልኬት ባበላሸን ነበር። የማናውቀውን ዕቃ መጠየቅ ማለት ማዘዝም ሊሆን እንደሚችል ያስተማረን ይህ ነው።

የላቦራቶሪ መምህራችን ይህን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ፖርቱ ሲከፈት ቦርዱ ከእንደገና የሚነሣ ከሆነ፣ ሲነሣ ስሙን ራሱ ቢናገርስ? እናንተ ለምን ትናገራላችሁ?» አሉን። መፍትሔው ከዚህ ወጣ። እንደ እንከን ያየነው የቦርዱ መነሣት ጠቃሚ ሆነ። አሁን ቦርዱ ሲነቃ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ስሙን መናገር ነው፤ ፕሮግራሙም ፖርቱን ከፍቶ ለ3 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። «ቴርሞ 8» ከሰማ አገኘ። ሌላ ንግግር ከሰማ፣ ለምሳሌ የሚዛኑን ክብደት፣ ምንም ሳይልክ ዘግቶ ይወጣል። ጭራሽ ዝምታ ከሆነ ብቻ አንዲት የጥያቄ ምልክት ይልካል፤ ምክንያቱም ፖርታቸው ሲከፈት የማይነሡ ቦርዶችም አሉ። የጥያቄ ምልክቷም ብትሆን በዚያ ላቦራቶሪ ያሉ መሣሪያዎች እንደ ትእዛዝ የማይወስዷት መሆኗን መመሪያዎቻቸውን አይተን ነው የመረጥናት። ባለፈው የተገኘበትን ፖርት ፕሮግራሙ በፋይል ጽፎ ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ይጀምራል፤ ይህ ግን ለፍጥነት ነው እንጂ ስሙን ሳይሰማ አያምነውም።

ፈልጎ ካጣስ? ብዙ ሰው ትኩረት የማይሰጠው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ፕሮግራማችን ቢቸግረው የተገኘውን ይወስድ ነበር። የአሁኑ ሲያጣ «አላገኘሁም» ይላል፤ ያጣበትንም ምክንያት ለይቶ ይናገራል። ምንም ፖርት ከሌለ ወይ ድራይቨር የለም፣ ወይ ገመዱ ነው። በስልክ ገመድ ለሚሠሩ ትንንሽ ቦርዶች ይህን ልብ በሉ፤ አንዳንድ የቻርጀር ገመድ የኃይል ሽቦ እንጂ የመረጃ ሽቦ የለውም። የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያይም። ፖርቱ ኖሮ አልከፈት ካለ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ረስተን ክፍት የተውነው የአርዱይኖ መስኮት ነው። ተከፍቶ መልስ ከሌለ ችግሩ በቦርዱ በራሱ ነው ማለት ነው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ብዙ ያድናል።

ትክክለኛውን ቦርድ ማግኘት ብቻውንም በቂ ሆኖ አላገኘነውም። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል ሲያገኝ፣ የመጀመሪያውን ልኬት ከመጨረሱ በፊት ቢጠየቅ 85 ዲግሪ ብሎ ይመልሳል። ልኬቱ በሙሉ ጥራት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። 85 ለክፍል ሙቀት ቢሆን ወዲያው ያስነቃ ነበር፤ ውሃ ለማፍላት ትምህርት ግን እውነት የሚመስል ቁጥር ነው! በብዛት የሚሠራበት የአርዱይኖ ፕሮግራም ደግሞ የሴንሰሩ ሽቦ ሲላቀቅ ከዜሮ በታች 127 ይመልሳል፤ ይህኛውስ ቢያንስ በራሱ ይናገርበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ልኬቶች እንጥላለን፤ በድንገት ዘልሎ የመጣ 85ም ዳግመኛ ሳይለካ ግራፍ ላይ አይወጣም።

አሁን እያንዳንዱ መስመር የቦርዱን ስም፣ ቁጥሩን፣ ምልክቱንና አንድ የማረጋገጫ ድምር ይዞ ነው የሚመጣው። ድምሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፊደል በኮምፒዩተር የራሱ ቁጥር አለው፤ 2 ቁጥሯ 50፣ 1 ቁጥሯ 49፣ ነጥቧ 46፣ 4 ቁጥሯ 52 ነው። ስለዚህ 21.4 ሲላክ ከኋላው 197 ይከተላል። ተቀባዩ ደምሮ 197 ካላገኘ መስመሩን ይጥላል። ገመዱ በትምህርቱ መካከል ቢነቀል ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተገትሮ አይቀርም፤ «ተቋርጧል» የሚል ይወጣል፤ ግራፉም ክፍት ቦታ ይተዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ክፍት ቦታው ግራፉን ያስጠላዋል ይላሉ። እኛ ግን ያልለካነውን መሥመር ሠርተን ከምናሳይ ቢያስጠላ እንመርጣለን።

በሁለተኛው ሳምንት ወደዚያው 8ኛ ክፍል ተመለስን። በመጀመሪያ ተማሪዎቹ 21.4ንና 96.8ን ከደብተራቸው እንዲሰርዙ ጠየቅንና ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ነገርናቸው። ሣቁብን፤ ይገባናል። ሚዛኑን ሆን ብለን ከነአዳፕተሩ እንደ ተሰካ ተውነው። ፕሮግራሙ የሚዛኑን ፖርት ከፍቶ አዳመጠ፣ ዘጋው፤ ቀጥሎ የእኛን አገኘና «ቴርሞ 8» ብሎ ስክሪኑ ላይ ጻፈ። ውሃው ሞቀ፣ ግራፉ ወጣ፣ 92 አካባቢ ሲደርስም ጋደመ። ትምህርት ቤቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ስክሪኑ 92.1 ቢልም ተማሪዎቹ 92 ብለው እንዲጽፉ አደረግን። ሴንሰሩ ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ እንደማይበልጥ የሚረጋገጥለት ከዜሮ በታች 10 እስከ 85 ዲግሪ ብቻ ነውና፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን አኃዝ እዚያ ላይ ማመን አይገባም።

ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ተማሪ እንደ ገና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሁንስ ሚዛኑ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?» አለች። ነይ ብለን ከላፕቶፑ ፊት አቆምናትና የሚመጣውን መስመር እንዳለ፣ ከነስሙና ከነዲግሪ ምልክቱ አሳየናት። አነበበችው። ከዚያ ግን ወደ ሚዛኑ ሄዳ ደብተሯን አስቀመጠችበትና ስክሪኑን ዞራ ተመለከተች። 92 እንደ ሆነ ቆየ። እሺ ብላ ተቀመጠች።

ፕሮግራሙን መቅዳት የሚፈልግ ሠልጣኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፍላሽ ይዞ ወደ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ብቅ ይበል። እስከዚያው ሁለት ጥያቄ እንተውላችሁ። የኤፍቲዲአይ የአምራች ቁጥር በ16 መሠረት 0403 ነው፤ ፓይተን ስንት ብሎ ያትመዋል? ሁለተኛው ለእኛም ያከራከረን ነው፦ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ «ቴርሞ 8» የሚሉ ሁለት ቦርዶች ቢሰኩ ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? አንዱን ይምረጥ፣ ሁለቱንም ያንብብ፣ ወይስ አስተማሪውን ይጠይቅ? መልሳችሁን ከምክንያቱ ጋር ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሳጥን ጨምሩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።